ሦስት ቀንሰው ሦስት ደመሩ

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ከሀና ማርያም ታክሲ ጠፋ። ግማሹን በእግር፣ ግማሹን ተጋፍቼ... ደወል ሲደወል ደረስኩ። የመጀመሪያ ዓመት ሰልጣኞችን ስለ ክፍል አያያዝ አስተማርኩ። «የሚረብሽ ተማሪ ሲያጋጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዷ ከኋላ፣ «መምህርት፣ የምረብሸው እኔ ብሆንስ?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ጥሩ ቀን።

ከሰዓት ዲኑ አስጠሩኝ። ዶክተር ልዑልቃል። የእኩልነትና የብዝኃነት ኮሚቴ ጸሐፊ አድርገውኛል። ማንም ሰው እዚህ ኮሌጅ ውስጥ እንግዳ ነኝ እንዳይል የሚሠራ ኮሚቴ ነው አሉ። በወሩ መጨረሻ ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች ስለሚመጡ ሪፖርት መዘጋጀት አለበት። «ወጣት ነሽ፣ ጎበዝ ነሽ፣ የአካባቢውም ልጅ ነሽ» አሉኝ። የአካባቢው ልጅ መሆኔ ከጸሐፊነት ጋር ምን አገናኘው? ግን ደስ አለኝ። ለራሴ ምን ያስዋሸኛል?

ቢሮ ስገባ ኤልዳድ ብድግ ብሎ እጅ ነሳ። «ክብርት ጸሐፊ!» በአንድ ቀን ነው የተቀጠርነው፣ መስከረም ላይ። ጠረጴዛችን የተያያዘ ነው። የቦምቦሊኖውን ግማሽ ቆርሶ ሰጠኝ። እሱ ባይኖር እዚህ ቢሮ እንዴት ይዋላል?

አባዬ ላሞቹን አልቦ ሲገባ ነገርኩት።

«ጸሐፊ ማለት አለቃ ነው?»

«አይደለም።»

«ደመወዝ ጨመሩሽ?»

«አልጨመሩኝም።»

«እንግዲያው ሥራ ነው የጨመሩብሽ» አለ፤ ወተቱን ለማጥለል ገባ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

የመጀመሪያ ስብሰባ። አምስት ሰው፣ ሦስት ሰዓት፣ አንድ ውሳኔ፦ ባነር ይሠራ።

የሰው ሀብቷ ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ «ፎቶ ያስፈልጋል። አያንቱ ትነሳ» አሉ። ማርከር ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። «ፈገግ በይ እንጂ ልጄ፣ ፈተና አልሰጠንሽም!» ሁሉም ሳቁ። ፈገግ አልኩ። ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው ብዬ ነው...

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ



ጠዋት ከታክሲ ወርጄ ቀና ስል በኮሌጁ በር ላይ፣ ባነሩ ላይ እኔ ነኝ። ፊቴ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጥርሴ ሁሉ ይታያል። ከሥሩ በቀይ፦ «በልዩ ድጋፍ ተቀጥራ ለፍሬ የበቃች መምህርት»።

በልዩ ድጋፍ?

ቆሜ ደግሜ አነበብኩ። ሦስተኛም አነበብኩ። የጥበቃው ጋሽ ሞልቱ ወንበራቸውን ትተው መጡ። «እንኳን ደስ ያለሽ! ሚስቴን ጠርቼ አሳይቻታለሁ።» ምን ልበላቸው? አመሰግናለሁ አልኩ። አመሰግናለሁ!

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስጽፍ ከኋላዬ ሹክሹክታ ሰማሁ።

«ለካ በድጋፍ ነው የገባችው።»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።»

ሰምቻለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ቆምኩ። ምን እየጻፍኩ እንደነበር ጠፋኝ።

ድጋፍ ማለት ሴትና አካል ጉዳተኛ ተወዳዳሪ በራሱ ውጤት ሳያልፍ ሲቀር የሚታከልለት ነጥብ ነው። እኔ ግን አንደኛ ነው የወጣሁት። ነሐሴ ላይ ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ዘጠና አንድ ነጥብ አራት። ማንም ምንም ሳይጨምርልኝ። ታዲያ እነዚህ የሚያወሩት ስለ የትኛዋ ሴት ነው?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጋ ገባሁ። ፋይሌን አሳዩኝ አልኩ። አመነቱ። ከዚያ አወጡት።

የፈተና ውጤት፦ 88.4። ድጋፍ፦ 3። ድምር፦ 91.4።

አየሁት፤ አልገባኝም። ስልኬን አውጥቼ የሰሌዳውን ፎቶ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ከራሴ ውጤት ላይ ሦስት ቀንሰዋል። ከዚያ ያንኑ ሦስት «ድጋፍ» ብለው መልሰው ደምረዋል። ቁጭ ብሎ፣ እስክሪብቶ ይዞ፣ አስቦበት ይህን የሠራ ሰው አለ!

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ልጄ፣ ቅጹ ላይ የድጋፍ ተቀጣሪ የሚል ሳጥን አለ። ባዶ ከሆነ ያስጠይቃል።»

«እና እኔን ከተቱኝ?»

«ሴት አይደለሽ?»

 እኔ! በክርክር የማልታማው። አፌን ከፍቼ ቆምኩ።

«ድምሩ እኮ አልተነካም» አሉ ቀስ ብለው። «ማንም አልተጎዳም።»

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ዲኑ። ሻይ አዘዙልኝ። አልነካሁትም።

«አያንትዬ፣ ምን ጎደለብሽ? ደመወዝሽ ያው ነው። ደረጃሽ ያው ነው።»

«ውጤቴን ቀንሳችኋል።»

«መልሰን ደምረናል።»

እየቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልቀለዱም። የምራቸውን ነው!

«ዶክተር፣ ባነሩ ይውረድ። ፋይሌም ይስተካከል።»

«ጎብኚዎቹ ይሂዱና እናየዋለን። ደግሞ የሙከራ ጊዜሽ ገና አላለቀም አይደል? እስከ መጋቢት ነው?» አሉና ፈገግ አሉ። «ሻይሽ ቀዘቀዘ።»

ያስፈራሩኝ ሻይ እየጋበዙ ነው። ደረጃውን ወርጄ ግቢው ውስጥ እስክቆም ድረስ አልገባኝም።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ቤት ውዬ አቤቱታ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ። እሳት ነው።

ከዚያ ለማያያዝ ብዬ የቅጥር ማስታወቂያውን ፈልጌ አነበብኩ። አንብቤው አላውቅም ነበር፤ ያኔ የፈለግኩት የፈተናውን ቀን ብቻ ነው። «ሁለት መምህራን። ከሁለቱ አንዱ ቦታ ድጋፍ ለሚገባቸው ተወዳዳሪዎች የተያዘ ነው። ያለ ድጋፍ ያለፈ ሰው በዚህ ቦታ አይቆጠርም።»

የሰሌዳውን ፎቶ ደግሜ ከፈትኩ። እስከዛሬ የማየው የራሴን መስመር ብቻ ነበር። አንደኛ፣ አያንቱ ዲንሳ። ሁለተኛ፣ ኤልዳድ። ሦስተኛ፣ ጸሐይወርቅ፤ ከስሟ ጎን በቅንፍ «አካል ጉዳተኛ» ይላል።

እኔ በውጤቴ ብቆጠር አንዱ ቦታ የእኔ ነው። የተያዘው ቦታ የጸሐይወርቅ ነው። ለኤልዳድ ቦታ የለም።

እኔ «በድጋፍ» ስባል ግን... የተያዘውን ቦታ እኔ ሞላሁት። ሌላው ነፃ ሆነ። ኤልዳድ ገባ። እሷ ወጣች።

ማንም አልተጎዳም ነበር ያሉት።

እስክሪብቶዬን ይዤ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። እማዬ ሁለቴ ለምሳ ጠራችኝ። በእኔ ስም ነው የዘጉባት። በእኔ ፊት! በሩ ላይ የሰቀሉት እኮ የዘጉበትን ቁልፍ ነው።

ኤልዳድ ያውቃል?

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ወይዘሮ ተናኘወርቅን የጸሐይወርቅን ስልክ ጠየቅኳቸው። «የተወዳዳሪ መረጃ አይሰጥም» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረሱብኝ። የታጠፈ ወረቀት እጄ ላይ አስቀመጡ። «እኔ አልሰጠሁሽም።»

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ጎፋ ሄድኩ። ጸሐይወርቅ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ታስተምራለች። በእረፍት ሰዓት ደረስኩ። ግቢው ውስጥ የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ክራንቿ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። አየችኝና ሳቀች።

«የባነሯ ልጅ! በታክሲ ሳልፍ አይቼሻለሁ። ኮሌጁ ላከሽ?»

«አይ፣ ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

«‹የድጋፉ ቦታ ተይዟል› ሲሉኝ ማን ይሆን እያልኩ ነበር። ባነሩ ላይ ታምሪያለሽ።»

ሁሉንም ነገርኳት። የተቀነሰውን፣ የተደመረውን፣ ማስታወቂያውን። አላቋረጠችኝም። እንደምታቅፈኝ ጠብቄ ነበር መሰለኝ... አፈርኩ ይህን ስጽፍ። አቤቱታዬን አወጣሁላት። ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«‹እኔ ያለ ማንም ድጋፍ፣ በራሴ ጭንቅላት ተወዳድሬ የገባሁ ስሆን...›» ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። «እኔስ በምኔ ልገባ ነበር? በክራንቼ?»

«እንደሱ ማለቴ...»

«ቆይ። ‹ይህ ስም ክብሬን የሚነካ ነው።› የትኛው ስም? የእኔ ስም ነው እኮ! እኔ ድጋፍ የሚገባኝ ነኝ። መጽሐፌን በጀርባዬ ተሸክሜ፣ አራት ፎቅ በክራንች እየወጣሁ ነው ዲግሪ የያዝኩት። አንቺ ክብርን የሚነካ ነው ብለሽ ጻፍሽ።»

ልጆቹ መጫወታቸውን ትተው ያዩን ነበር። አንዷ ትንሽ፣ «ቲቸር፣ ተቆጣሽ?» አለቻት። «አልተቆጣሁም የእኔ ቆንጆ፣ እያረምኩ ነው።»

ወረቀቱን መለሰችልኝ። «የእኔ ስም ያለው መጨረሻው ላይ ነው። አንዴ። አንቺን ያቃጠለሽ ቃሉ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ቦታዬ ነው።»

ከጎፋ እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ። አንድም ሰው እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እውነቷን መሆኑ። በዳይ ፍለጋ ወጥቼ... ንቀቱ እኔም ውስጥ ነበር? መቼ ገባ? ማን አስተማረኝ?

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ሁለቱንም ገጽ ቀደድኩ። አዲሱ ግማሽ ገጽ ነው። የመጀመሪያው ቃል ስሟ ነው።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ለኤልዳድ ነገርኩት። ከሌላ ሰው ከሚሰማ ብዬ። በሩን ዘጋሁ። ማስታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። አነበበ። መነጽሩን አወለቀ።

«ታውቅ ነበር?»

መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ።

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ጠርጥረህ ዝም አልክ?»

«አያንቱ፣ ሁለት ዓመት እዚህ በሰዓት እየተከፈለኝ አስተማርኩ። ‹የለመድነው ልጅ ነው› አሉና አስገቡኝ። እኔ ማነኝ ለምን አስገባችሁኝ የምለው?»

«እሷስ?»

«አላውቃትም!» ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «አላውቃትም እኮ... ሰው የማያውቀውን እንዴት ያስባል?»

እኔም እስከ እሑድ አላውቃትም ነበር። ይህን አልነገርኩትም።

ዛሬ ቦምቦሊኖውን ብቻውን በላ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

የኮሚቴው ስብሰባ፤ ሪፖርቱን ለማጽደቅ። «ኮሌጁ የድጋፍ ቅጥር መቶ በመቶ አሳክቷል» ይላል። ዲኑ አነበቡ። እጅ አውጡ አሉ። አራት እጅ ወጣ።

«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ጸሐፊ፣ ይመዝገብ።»

«በሙሉ ድምፅ አይደለም። የልዩነት ሐሳብ አለኝ፣ በቃለ ጉባኤው ይያዝልኝ።»

አንድ ሰው ሳል ጀመረው። ዲኑ ሳቁ።

«ጸሐፊ የተባለውን ይጽፋል እንጂ ሐሳብ የለውም።»

«አባልም ነኝ ዶክተር። ደንቡን ራስዎ ነዎት የሰጡኝ። የልዩነት ሐሳብ ያለው ሰው ያስመዘግባል ይላል።»

«ማን ይመዘግበዋል?»

እዚህ ላይ ነው ሁሉም ወደ እኔ የዞሩት። ምክንያቱም መዝገቡ ፊቴ ነው፤ እስክሪብቶው በእጄ ነው። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ! ራሳቸው ናቸው የሾሙኝ። እየጻፍኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ለድጋፍ የተያዘው ቦታ ለጸሐይወርቅ ይገባ ነበር። የእኔ ውጤት ተቀንሶ መልሶ በመደመር ቦታው የተሞላ ተደርጓል...»  

ቃለ ጉባኤ በአባላት ሁሉ መፈረም አለበት። መዝገቡን አዞርኩት። ዲኑ አዩኝ፣ መዝገቡን አዩ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቀድመው ፈረሙ። ማንንም ሳያዩ። እሳቸው ከፈረሙ በኋላ ሌላው ምን ይበል?

ኅዳር 26፣ ዓርብ

ጎብኚዎቹ መጡ። ባነሩ ታጥቧል። አዳራሹ ውስጥ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጭብጨባ ሆነ። ከመካከላቸው አንዲት አጭር ሴት ሰነድ ትመለከታለች። መዝገቡን ራሴ ወስጄ ፊቷ አስቀመጥኩ፣ ገጹን ገልጬ። አቤቱታውን ከነፎቶው ከላዩ።

አነበበች። ማኘኳን አቆመች።

«ጸሐይወርቅ ማናት?» አለች ለጠረጴዛው ሁሉ።

አንድም ሰው አልመለሰም። አንድ! ቀኑን ሙሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ሲባባሉ የዋሉ ሰዎች...

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

መልስ የለም። ሻይ ክበብ ስገባ ወሬ ይቆማል። ሰላምታ የሚሰጠኝ ጋሽ ሞልቱ ብቻ ነው።

ዛሬ ከመስኮቱ ውጪ ሆኜ ሰማሁ። አንዱ መምህር፣ ስሙን እዚህ አልጽፍለትም፦ «የአካባቢው ልጆች እንዲህ ናቸው። መሬቱ ሲያልቅባቸው ወንበር ያሳድዳሉ።» ሳቅ።

ይህ ሰው የእኩልነት ኮሚቴ አባል ነው። እጁን ያወጣ።

ገባሁ። «ኮንዶሚኒየምህ ስንተኛ ፎቅ ነው?» አልኩት። «ምን?» አለ። «አባቴ ጤፍ ያጭድበት የነበረው ላይ ነው። ሰላም ነው ወይ እዚያ? ይመቻል?» ሻዬን ይዤ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠጣሁት።

ለአባዬ አልነገርኩትም። ይህን አይሰማም።

ጥር 22፣ ዓርብ

ደብዳቤ መጣ። ሰሌዳ ላይ ነው ያየሁት፤ ለእኔ የነገረኝ የለም።

የእኔ ውጤት ወደ ነበረበት ይመለስ። ለድጋፍ የተያዘው ቦታ ለጸሐይወርቅ ይሰጥ። የኤልዳድ ቅጥር ተሰርዟል፤ ኮሌጁ ከፈለገ በሰዓት ያሠራው። ስለ ቀነሱትና ስለ ደመሩት ሰዎች ምንም አይልም። አንዲት መስመር የለም! ማንም ሳይሠራው የተሠራ ጥፋት።

ኤልዳድ ዕቃውን በካርቶን አደረገ። እኔ ቆሜያለሁ። ይቅርታ ልበለው? በምን? በር ላይ ሲደርስ ዞረ።

«ወንበሩ በቀኝ በኩል ይወዛወዛል። እንዳትወድቅ ንገሪያት።»

ሄደ። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። አሁንም ግን ያንኑ አደርገዋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

የካቲት 2፣ ሰኞ

ጸሐይወርቅ ሥራ ጀመረች። ቢሮ ገባች፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ላመሰግንሽ አልመጣሁም።»

«አውቃለሁ። ወንበሩ ይወዛወዛል፣ ሌላውን ውሰጂ።»

የክፍል ድልድሏን አመጣች። አራተኛ ፎቅ። ሰኞ አራተኛ ፎቅ፣ ማክሰኞ አራተኛ ፎቅ... ሁሉም። ሊፍት የለንም። ደግሜ አየሁት። ከሁለት ወር አቤቱታ በኋላ እንኳ ለካ ሰው ይህን ያህል ማሰብ ይችላል! ጸሐይወርቅ ግን አልደነገጠችም። «ለምጄዋለሁ» አለች። ያ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ።

የእኔ ክፍሎች ምድር ላይ ናቸው። ተለዋወጥን። ለማንም አላስፈቀድንም። የሷን ስም በእኔ በር፣ የእኔን በሷ በር ላይ ለጠፍኩ።

«ይሄ ድጋፍ ነው?» አለች።

«ደረጃ መውጣት ያምረኛል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን።

የካቲት 27፣ ዓርብ

የሙከራ ጊዜ ምዘናዬ ደረሰ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጠረጴዛ ላይ። የትምህርት አሰጣጥ፦ ከፍተኛ። ሰዓት ማክበር፦ ከፍተኛ። የሰልጣኞች አስተያየት፦ ከፍተኛ። ከባልደረባ ጋር ተግባብቶ መሥራት... አንድ። ከአምስት አንድ። ከሥሩ የዲኑ ፊርማ፦ «የሙከራ ጊዜዋ ለሦስት ወር ይራዘም»።

ባለፈው ኅዳር ቢሆን አፌን ከፍቼ እቆም ነበር። አልቆምኩም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ቅጹ መጨረሻ ላይ «የሠራተኛው አስተያየት» የሚል ቦታ አለ፣ ሦስት መስመር። ሰው ሁሉ «ተስማምቻለሁ» ብሎ ፈርሞ ይወጣል።

«አንቺም እንደሱ በይና ይለቅልሽ» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ። «ሦስት ወር ምን አላት?»

እስክሪብቶ አወጣሁ። «አልስማማም» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ክፍል ድልድሉ ጻፍኩ። ስለ አራተኛ ፎቅ ጻፍኩ። ሻይ ክበብ ስለተባለው ጻፍኩ፣ ሰውየውን በስሙ። ዛሬ ጠዋት ከበር ስለተመለሱት ሁለት ዓይነ ስውር ሰልጣኞች ጻፍኩ፤ መጽሐፍ በብሬል የለንም ተብለው። ሦስቱ መስመር አለቀ። ወረቀቱን ገለበጥኩት።

«ጀርባው ላይ አይጻፍም ልጄ።»

«ይጻፋል።»

 ጀርባውም ሞላ። አንገቴን ሳላነሳ እጄን ዘረጋሁ።

መሳቢያው ሲከፈት ሰማሁ። ነጭ ወረቀት አቀበሉኝ። ብዙ ነው።